የተወጋ ጆሮ አይረሳም

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። በተኛሁበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ እግሯን ያጣች እናት ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ ትንፋሽ የሚያጥረው ሕፃን ተኝቶ ነበር። እኔን ያስተኛኝ ግን ጆሮዬ ነው፤ ያውም የላይኛው ጫፉ፣ ያውም በጌጥ ሰበብ። ሰው ሕመሙን ሲጽፍ ስለ ኩላሊቱ ወይም ስለ ልቡ ይጽፋል እንጂ «ጆሮዬን ተበስቼ» ብሎ ይጀምራል? ይህን ለአንድ መምህሬ ባዋያቸው «ለማን እንደምትጽፊ ካወቅሽ ጻፊው» አሉኝ። አውቃለሁ። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው ሠርግ ጆሯቸውን ሊበሱ ላሰቡ ልጆች ነው የምጽፈው። እውነቱን ልናገርና፣ ቂም ስላለብኝም ነው። ሳልጨምር ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ቂመኛ ሰው ካጋነነ ማንም አያምነውም።

ስሜ ማስተዋል ነው። ቡሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከፍኖተ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ርቆ ባለ ቀበሌ በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። የጆሮዬን ታችኛውን ሥጋ እናቴ ገና መራመድ ሳልጀምር በእሾህ በስታ ክር አስገብታልኛለች። አንድም ቀን አመርቅዞ አያውቅም። ስለዚህ ጆሮ መበሳት ለእኔ ጥፍር ከመቁረጥ ብዙም የማይለይ ነገር ነበር።

ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። አራቱ የጆሯቸው ላይኛው ጫፍ ላይ ትንንሽ ቀለበት ነበራቸው። ተበሺ ብሎ የገፋፋኝ የለም። አንድ ቀን ጸጉሬን ስሠራ ግን አንዷ «የማስተዋል ጆሮ እኮ ባዶ ሜዳ ነው፤ ኳስ ያጫውታል» አለችና ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲስቅብኝ አብሬ መሳቅ የቆየ ጠባዬ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ጓደኛዬ ሀያት ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ተከተልኳት። ሀያት አባቷ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አፏ የማያርፍ የከተማ ልጅ ናት።

«አንቺስ አትበሺም?» አልኳት ሚኒባስ ውስጥ።

«እኔማ አባቴ ጆሮዬን ትቶ አንገቴን ነው የሚበሳው! አንቺ ተበሺ፣ እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ።»

የገባንበት ጸጉር ቤት ባለቤት ዝናሽ ትባላለች። በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናት፤ ፊት ለፊት ሳገኛት «እትየ ዝናሽ፣ እርስዎ» እላት ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን «እሷ» እላታለሁ። ያደግሁበት አገር ይህን እንደ ትልቅ ብልግና ይቆጥረዋል፤ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ዝናሽ እጇ የጸጉር ቅባት እንደነካ ከመሳቢያ ነጭ የፕላስቲክ መብሻ አወጣች። መሣሪያው እንደ ጠመንጃ ምላጩ በጣት ይሳባል፤ ቅርጹ ሽጉጥ ስለሚመስል ሁሉም ሰው «ሽጉጥ» ይለዋል። ከእኔ በፊት የአንዲት ልጅ ጆሮ በስታበት ነበር። በጋውኗ ጠረግ አደረገችው።

«አልኮል የለዎትም እትየ?» አልኳት፣ እንዳላስቀይማት እየፈራሁ።

«አልቋል የኔ ማር። ሽቶም እኮ አልኮል ነው» አለችና ጆሮዬ ላይ ሽቶ ነፋችበት።

«ላይኛው አጥንት አይደል? አይጎዳም?»

«ጆሮ ጆሮ ነው! ላይ ቤት ታች ቤት የለውም።»

ቀጭን ነገር ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰማኝ። ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ «አመሰግናለሁ» አልኩ። ዝናሽም በቀን ሦስት ጊዜ ጌጡን እያሽከረከርኩ ቅባት እንድቀባው አዘዘችኝ። ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ባሽከረከርኩ ቁጥር ምልክት አደረግሁ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። አሁን ሳስበው በገዛ እጄ ቁስሉን በቀን ሦስት ጊዜ ስቀደው ነው የሰነበትኩት።

በአራተኛው ቀን በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። በስድስተኛው ቀን ጆሮዬ ቀላ፣ አበጠ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቅ ጀመር። ዝናሽ ጋ ደወልኩ። «እየለመደሽ ነው፤ ቅባቱን ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ።

ቡሬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ሻሼን አይተው «ራስሽን ነው ልጄ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ጆሮዬን ለጌጥ ብዬ» ማለት አፈርኩ። ባለሙያው ሲጠራኝም ሻሼን ገለጥ ያደረግሁት በጉንጬ በኩል ብቻ ነው። እብጠቱ እስከ ጉንጬ ወርዶ ነበር።

«ጆሮሽን የነካሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ጆሮ ደግፍ ነው» አለኝና የትኩሳት ክኒን ጻፈልኝ። በዚህ እሱን አልወቅሰውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን የምታነብ ልጅ ካለች አንድ ነገር ብቻ ልለምናት፦ ሐኪም ፊት አትፈሪ። ያ ውሸት ሳምንት በልቶብኛል።

ለገና እረፍት ቤት ገባሁ። ግቢያችን በሙሉ በርበሬ ተሰጥቶበት ነበርና እኔም ከታናናሾቼ ጋር ለቀማ ተቀመጥኩ። በዚያው እጄ ሳላስበው ጆሮዬን ነካሁት። የጮኽኩትን ጩኸት ጎረቤት ሰማው። እናቴ ሻሼን ገፋ አድርጋ አየችው።

«አንች ልጅ» አለች፣ «ስምሽን ማስተዋል ያልኩት እንድታስተውይ ብየ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

ከዚያ ቁጣው ጠፍቶ ፍርሃት መጣባት። ሽቶ ተነፍቶበት ፀሐይ ላይ ስለወጣሁ ምች ነው ብላ ፈረደች። ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ። ጌጡን ልታወጣው ሞክራ ሥጋው ስለዋጠው አልወጣ አላት። ማታ ደግሞ ለጋ ቅቤ አምጥታ ቀዳዳውን ሞላችው፤ በሕፃንነቴ ታችኛው ጆሮዬ የዳነው በቅቤ ነበርና። ከፍቅር የመጣ ስሕተት ነው፤ እናቴ ላይ ቂም የለኝም። ነገር ግን መግል መውጫውን ነው የደፈነችው። በበነጋታው ትኩሳቱ አንቀጠቀጠኝ። ሀያት ለመልካም በዓል ደውላ ድምፄን ስትሰማ «አንቺ፣ ድምፅሽ የሞተ ሰው ድምፅ ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ነይ!» ብላ ጮኸችብኝ።

አባቴ በርበሬ ይዞ ቡሬ ገበያ ወርዶ ነበር። እናቴ ታናናሾቼን ጥላ መሄድ ስላልቻለች በበቅሎ እስከ አስፋልቱ አድርሳ ባጃጅ ላይ አሳፈረችኝ። ሀያት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በር ላይ ጠበቀችኝ። ድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ተራዬ ሲደርስ ነርሷ ሻሼን ፈታችና ደነገጠች።

«በምንድን ነው የተበሳሽው?»

ከአሁን በኋላ አልዋሽም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በሽጉጥ!» አልኩ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ነርሷ ነገሩን ስለምታውቀው ፈገግ ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አግዳሚው ላይ ግን ለዓይናቸው የመጡ የቀበሌያችን ሰው፣ አያ ደሳለኝ፣ ተቀምጠው ኖሯል። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው። እኔ ገና አልጋ ሳልይዝ ስልክ ደወሉ። ወሬው አገር ሲያዳርስ «የፈንታ ልጅ ጆሮዋን በሽጉጥ ተመታች» ሆነ፤ ቡሬ አባቴ ጋ ሲደርስ «ራሷን ተመታች» ሆኗል። አባቴ በርበሬውን ሜዳ ላይ ጥሎ፣ ሁለት ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ዱላውን እንደያዘ ደረሰ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«ማን ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ!»

«አባየ፣ ይረጋጉ...»

«ስሙን!»

«ዝናሽ ናት።»

«ሴት?» ወደ ዘመዶቹ ዞረ። «ሴት ናት አለች! ምን አድርገሻት ነው ሽጉጥ የመዘዘችብሽ?»

«ምንም አላደረግኋትም። ራሴ ነኝ ብሺኝ ያልኳት።»

አባቴ ዱላውን ተደግፎ ሀያትን አያት። ሀያት በስልኳ ላይ ያለውን ቪዲዮ አሳየችው፤ የጸጉር ቤቱን ወንበር፣ ነጩን ፕላስቲክ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ፈገግ ስል። ከዘመዶቹ አንዱ መሳቅ ጀመረና አፉን በጋቢው ያዘ። አባቴ አልሳቀም።

«ለጌጥ ነው?» አለኝ።

«አዎ አባየ።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር» አለና ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወር ያህል አላነጋገረኝም። እየመጣ ከአልጋዬ ግርጌ ይቀመጣል፣ ነርሷን «እንዴት አደረች?» ይላል፣ ይሄዳል።

የምትከታተለኝ ዶክተር ወጣት ሴት ናት። የጆሮ ላይኛው ክፍል ለስላሳ አጥንት መሆኑን አስረዳችኝ። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከላዩ ካለው ቆዳ ነው። መግል በመካከላቸው ከገባ አጥንቱ ይራባል፤ ከተራበም ይሞትና ጆሮው ተጨማድዶ ይቀራል። የታችኛው ጆሮ ሥጋ ብቻ ስለሆነ በእሾህም በቅቤም ይድናል፤ ላይኛው ግን ሌላ ነገር ነው። መበሳት ካስፈለገ ከማሸጊያው በዚያው ሰዓት በወጣ አዲስ መርፌ፣ እጁን በታጠበና ጓንት ባደረገ ሰው መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ መታጠብና መተው ብቻ ነው። አይሽከረከርም፣ አይቀባም፣ አይተኙበትም። እስኪድን ወራት ይፈጃል።

«ይተርፋል?» አልኳት።

«ግማሹን እናድነው ይሆናል» አለች። ዋሽታ ሁሉንም ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጆሮዬን ከፍታ መግሉን አወጣች፤ ጌጡንም ከሥጋው ፈልቅቃ ሳህን ላይ ጣለችው። ሁለት ሳምንት መርፌ በየስምንት ሰዓቱ ተወጋሁ። መብራት ሲጠፋ ጆሮዬ ከፋሻው ሥር ሲመታ እሰማለሁ፤ እየሞተ ነው ወይስ እየዳነ እያልኩ ይነጋብኛል። ያቺ እግሯን ያጣች እናት አንድ ሌሊት ሳለቅስ ሰማችኝና አፈርኩ። እሷ ግን «አልቅሽ፣ ጆሮም አካል ነው» አለችኝና የጋቢዋን ጫፍ አቀበለችኝ። የሀያት እናት፣ እኔ የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቁ፣ በየማለዳው አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር። እነዚህን ሁለት ሴቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፋሻው ሲፈታ ዶክተሯ መስታወት ሰጠችኝ። የጆሮዬ ላይኛው ጠርዝ እሳት እንደነካው ቅጠል ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ታችኛው ግማሽ ተርፏል። መስማት እሰማለሁ።

የካቲት ውስጥ ብቻዬን ዝናሽ ጋ ሄድኩ። የምፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «አጥፍቻለሁ» እንድትል። ደንበኞቿ ፊት ሻሼን ፈታሁላት።

«ውይ! ምች ነው የመታሽ» አለች። «እኔ የስንቱን በስቻለሁ። የአንቺ ሥጋ ራሱ ቁስል ይወዳል።»

ማድረቂያ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬ አልሳቅሁም። ስወጣ አንዲት ልጅ «ከፋሲካ በኋላ ለእህቴ ሠርግ ነው፣ ይበሱኛል?» ስትላት ሰማሁ። «ነይ የኔ ማር» አለቻት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቡሬ ተመልሼ ትምህርት ላይ ቁጭ ብዬ መስታወቷን ስሰብር፣ ወንበሯን ሳቃጥል አስብ ነበር። ጥሩ ውጤት ያመጣሁበት ፈተና ሳይቀር በንዴት የተሠራ ነው። በመጨረሻ ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ጌጡ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያቺ ልጅ የጠየቀችውንና ዝናሽ የመለሰችላትንም ጻፍኩለት። መልስ አልጻፈልኝም፤ ሦስት ሽማግሌ ላከባት።

የተሰበሰብነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጸጉር ቤት ነው፤ አባቴና ሀያትም ነበሩ። ሽማግሌዎቹን የመሩት መሪጌታ ልሳነወርቅ ማድረቂያ ካስኩ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠው፣ ከራሳቸው በላይ ያለውን ነገር በጥርጣሬ ቀና ብለው ያዩ ነበር። ዝናሽ አለቀሰች፤ ጥፋቱ የእኔ ንጽሕና ጉድለት ነው አለች። ከዚያ ብድግ አለች።

«እኔ ይህን መብሻ በየቀኑ በፈላ ውሃ ሳልቀቅል ሰው አልነካም! እምላለሁ! ሚካኤልን...»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ታቦት ጠርቶ ከተማለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው የደፈረው ታቦቱን ነው። መሐላው ሊፈጸም አንድ ቃል ቀርቶት ነበር።

«አትማይ!» አልኳት። «ቀቅይው።»

መሪጌታ ደንግጠው «ልጄ፣ አንች አልሻት?» አሉ።

«አዎ መሪጌታ። በየቀኑ ትቀቅለው ከነበረ ዛሬም ትቀቅለው።»

ለጸጉር ማጠቢያ ውሃ የምታፈላበት ድስት ምድጃው ላይ ይንተከተክ ነበር። ዝናሽ ወደ መሳቢያው አልሄደችም። ሀያት ሄዳ አመጣችው። መሪጌታ «ይግባ» አሉ። እኔ የማየው ቆሻሻ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሆነውን አልጠበቅሁም። ጥቂት እንደቆየ አፈሙዙ ወደ ጎን ዘንበል አለ። እጀታው ተከፈተ፣ ውስጡ ያለው ሞላ ተፈናጥሮ የድስቱን ጠርዝ መታ። ሀያት በማንኪያ ስታወጣው እንደ ሰነበተ ጎመን ተንጠልጥሎ ወረደ።

መሪጌታ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሽጉጡ እጁን ሰጠ» አሉ።

አንድ ቀን እንኳ ተቀቅሎ ቢሆን እስከዚያ ቀን አይደርስም ነበር። ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ የኖረው ከነመግሉ ነው። ዝናሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ማልቀሷን አቆመች።

«እንግዲህ እውነቱ ወጣ» አሉ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው። «ጾም ነው ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ይቅር በያት።»

ሁሉም ጠበቁኝ። ታላላቆቼ ጠይቀውኝ እንቢ ብዬ አላውቅም።

«በደጃፉ መስታወት ላይ ‹እንበሳለን› የሚለው ጽሑፍ ይፋቅ» አልኩ። «እሷው በእጇ ትፋቀው። በገበያ ቀን። ከዚያ ይቅር እላለሁ።»

«ሠርጉ ሊመጣ ነው እኮ! ሥራዬ...» አለች ዝናሽ።

«ስለዚሁ ነው።»

መሪጌታ ሊገሥጹኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አባቴ ከበሩ ሥር «ልጄ ተናግራለች» አለ። ከገና ወዲህ ልጄ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

በገበያው ቀን በቆሎ የጫኑ አህዮች በደጃፉ ሲያልፉ ዝናሽ ምላጭና የሳሙና ውሃ ይዛ ወጣች። መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም «ጆሮና አፍንጫ በዘመናዊ መሣሪያ እንበሳለን» ይላል። እኔ ከፊት ለፊት ቆምኩ። ሰው ተሰበሰበ። «ጆሮ» የሚለውን ፍቃ ስትጨርስ ዞር አለች።

«አፍንጫውን ተይልኝ።»

«አፍንጫም ያው ለስላሳ አጥንት ነው» አልኳት።

ፋቀች። መሐል ላይ ሁለት ልጆች በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ጌጥ ይዘው መጡ። አንደኛዋ ያቺው ስለ እህቷ ሠርግ ስትጠይቅ የሰማኋት ናት። «ዛሬ አይበሱም እንዴ እትየ?» አለቻት። ዝናሽ እኔን አየችኝ።

«ንገሪያቸው» አልኳት።

«አልበሳም» አለች።

«ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው።»

ምላጩን በያዘ እጇ ወደ እኔ ጠቆመች። ገበያው መሐል፣ አባቴ ባለበት፣ ሻሼን ፈታሁ። ልጆቹ ጆሮዬን አዩ። አንደኛዋ የራሷን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። ጌጣቸውን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

ዝናሽ ሥራዋን ስትጨርስ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ ቃሌን ጠበቅሁ። ይህን ያለው አፌ ነው፤ ልቤ ገና አልተከተለውም። መስታወቱ ላይ የቀረው የመጨረሻ ፊደል የተፋቀው መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ነው።